በእጅ ለሚሠራ አውሮፕላን አቪዮኒክስ ሲመርጡ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ግሸን

በገዛ እጃቸው አውሮፕላን ለመሥራት የተነሡ ወጣቶች ስለ አቪዮኒክስ፣ ማለትም ስለ አውሮፕላን ኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች፣ ሲያነሡ ብዙ ጊዜ የሚያስቀድሙት ጥያቄ «የትኛውን ስክሪን ልግዛ?» የሚል ነው። የክንፉ አጥንት ገና ጨርቅ አልለበሰም፣ ሞተሩም አልተገጠመም፤ ባለ 10 ኢንቹ ስክሪን ግን ፎቶው ስልካቸው ውስጥ ተቀምጧል። ጉጉቱ የሚወደድ ነው፤ ምርጫው ግን ከስክሪን አይጀምርም። አውሮፕላኑ ከሚበርበት አየር፣ ሞተሩ ከሚያመነጨው መብራትና ችግር ሲመጣ አብራሪው ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ከሚፈልገው ነገር ይጀምራል። ለወሎ ደጋ የእነዚህ የሦስቱ መልስ ባሕር ጠረፍ ለሚበር ሰው ከሚሰጠው መልስ ይለያል።

አንድ የበረራ መስመር እንያዝ። ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ተነሥቶ፣ ደሴን በግራ ትቶ፣ ሐይቅን ከላይ አይቶ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ የአምባሰልን ተራሮች ተሻግሮ ግሸንን በሩቁ የሚያይ በረራ ነው። ለትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ነገር ግን መነሻው ራሱ ከባሕር ወለል ከ1,850 ሜትር በላይ ነው፤ የሚሻገሩት ተራራ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። የመስቀል ቅርጽ ያለው የግሸን አምባ ዙሪያው ገደል ነው፤ ሞተር ቢጠፋ የሚያርፉበት ሜዳ ከግርጌው በቀላሉ አይገኝም። ዳሽቦርድዎ ላይ የሚገባው እያንዳንዱ መሣሪያ በዚህ መንገድ ላይ ምን ይጠቅመኛል ተብሎ ይፈተን።

መጀመሪያ አየሩ። ኮምቦልቻ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ አየሩ ይሳሳል፤ ለክንፉም ለሞተሩም 2,750 ሜትር ገደማ ላይ እንደሚገኝ አየር ይሆንባቸዋል። ባሕር ወለል ላይ 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚሰጠው 29 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አቃቂ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ ጣሊያን ወስዷት ቆይታ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ባለ 115 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነበራት። በደጋ አየር ከመሬት ለመነሣት ምን ያህል ትርፍ ጉልበት እንደሚያስፈልግ ከዚህ መገመት ይቻላል። ትርፍ ጉልበት የሌለው አውሮፕላን ላይ የሚጫን እያንዳንዱ ኪሎ መሣሪያም ከመውጣት ዐቅሙ ላይ ይቀነሳል።

በዚህ ምክንያት በእኔ ዳሽቦርድ ላይ የመጀመሪያው ገንዘብ የሚወጣው ለአየር ፍጥነት መለኪያው፣ ከፊት የሚመጣውን አየር ለሚቀበለው ፒቶ ቱቦና የዙሪያውን አየር ግፊት ለሚወስደው ስታቲክ ቀዳዳ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ክንፍ አየሩን የሚለቅበት ፍጥነት፣ አብራሪዎች ስቶል የሚሉት፣ በመለኪያው ንባብ ሲታይ ባሕር ወለል ላይም ደጋ ላይም ያው ነው። መሬት ላይ የሚታየው ፍጥነት ግን ይለያል። በዚያ የኮምቦልቻ ሞቃት ከሰዓት መለኪያው 50 ኖት እያነበበ ሊያርፍ የሚመጣ አውሮፕላን አየሩን የሚሰነጥቀው 57 ኖት ላይ ነው። ነፋስ ከኋላ ቢኖር ጂፒኤሱ ከ60 በላይ ያሳያል። ዓይኑን ጂፒኤስ ላይ ወይም መሬቱ ላይ የጣለ አብራሪ «ፈጥኛለሁ» ብሎ አፍንጫውን ያነሣል፤ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ክንፉ አየሩን ይለቃል፣ መሬቱም ቅርብ ነው። የስልክ ጂፒኤስ የአየር ፍጥነት መለኪያን አይተካም። ይህን ደግሜ ደጋግሜ የምለው «ስልኬ ፍጥነት ያሳየኛል» የሚል ሠሪ ስለማይጠፋ ነው።

ፒቶና ስታቲክ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ጥንቃቄ ነው። ስታቲክ ቀዳዳው የፕሮፔለሩ ነፋስ በቀጥታ የማይመታው ቦታ ላይ ይሁን። ቱቦው ዝቅ ባለው ቦታ የውኃ ማፍሰሻ ይኑረው፤ በክረምት የገባች አንዲት ጠብታ ፍጥነትዎን ታሳስተዋለች። በጎተራና በሃንጋር የሚውል አውሮፕላን ላይ ተርብ ፒቶ ውስጥ ጭቃ ይመርጋል፤ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት መሸፈኛ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሠራ። ከዚህ ቀጥሎ ገንዘብ ቢተርፍ የምጨምረው የክንፉንና የአየሩን ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያ ነው፤ አንግል ኦፍ አታክ ይሉታል። ስቶል የሚወሰነው በማዕዘን ስለሆነ በየትኛውም ከፍታና ክብደት ጆሮ ላይ ጮኾ ያስጠነቅቃል። ለደጋ አብራሪ ከትልቅ ስክሪን ይልቅ ይህ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

ወደ ሞተሩ እንለፍ። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ስሙ በዓለም መገናኛ ብዙኃን የተነሣው አስመላሽ ዘፈሩ በገዛ እጁ ሠርቶ «ኬ-570ኤ» ብሎ ለሰየመው አውሮፕላን የመረጠው የቮልስዋገን ቢትል ሞተር ነበር፤ 40 የፈረስ ጉልበት። ምርጫው የሚገባ ነው፤ ሞተሩ ቀላል ነው፣ በአየር ይቀዘቅዛል፣ የሚጠግነው መካኒክም በየከተማው አለ። ግን በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር አየር ሲሳሳበት ማቀዝቀዣውም ይሳሳበታል። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የአምባሰልን ተራራ ለማለፍ ረጅም ጊዜ ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት የሚወጣ ሞተር ጭንቅላቱ ይግላል። ስለዚህ የሲሊንደር ራስ ሙቀት መለኪያ በአንድ ሲሊንደር ብቻ አይሁን፤ ለአራቱም ይደረግ። አንዱ አሪፍ ሆኖ ሌላው ሲቃጠል ባለ አንድ መለኪያው ዳሽቦርድ ምንም አይነግርዎትም። የጭስ ማውጫ ሙቀት፣ የዘይት ግፊትና የዘይት ሙቀት ይከተላሉ። የጭሱ ሙቀት በተለይ በደጋ ቤንዚኑን ለማሳሳት ይረዳል፤ ያለዚያ ሞተሩ በሳሳ አየር ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል።

እዚህ ላይ የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚስትበት አንድ ነገር አለ። የሲሊንደር ራስና የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያዎቹ ቴርሞካፕል ናቸው፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ሲገናኙ በሚፈጥሩት ጥቂት ሚሊቮልት ነው የሚለኩት። ሽቦው አጠረ ተብሎ በተራ የመዳብ ሽቦ ቢቀጠል የተቀጠለበት ቦታ ሙቀት ንባቡ ውስጥ ይገባል። ኬ ለተባለው ዓይነት የኬ ማስረዘሚያ ሽቦ ብቻ ይጠቀሙ፤ ቀይና ቢጫውንም አያቀያይሩ።

የግሸን ማርያም በዓል የሚውለው መስከረም 21 ቀን፣ ክረምቱ ገና ሲወጣ ነው። በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ደመና አምባውን ይሸፍናል፣ አየሩም ርጥብና ቀዝቃዛ ነው። ካርቡሬተር በረዶ የሚይዘው በእንዲህ ያለ አየር ነው፤ የውጭው ሙቀት ከዜሮ በላይ፣ እስከ 20 ዲግሪ ድረስም ሆኖ ውስጡ ይረጋል። የካርቡሬተር ማሞቂያ ይኑርዎ፤ አብሮት ርካሽ የካርቡሬተር ሙቀት መለኪያ። በዓሉ በሚውልበት ቀን ደግሞ በአምባው አቅጣጫ ጨርሶ አይብረሩ። ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ምእመን በተጨናነቀበት ገደላማ ቦታ ላይ በሙከራ ላይ ያለ አውሮፕላን ማምጣት በየትኛውም ሚዛን ትክክል አይሆንም።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሰናከልበት ወደ መብራቱ ሒሳብ እንምጣ። ወረቀት ያውጡና እያንዳንዱ መሣሪያ ስንት አምፔር እንደሚስብ በ12 ቮልት ይጻፉ። ባለ 10 ኢንች ስክሪን 3.5 አካባቢ፣ ለራዳር መልስ የሚሰጠው ትራንስፖንደር 1፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ግማሽ፣ ሲናገር ግን 2.5፣ ብልጭ የሚሉት የክንፍ መብራቶች 2፣ የማረፊያ መብራት 4፣ የነዳጅ ፓምፕ 2.5፣ የስልክ ቻርጀር 2፣ የሞተር መለኪያው ሳጥን ግማሽ። ትክክለኛውን ቁጥር ከየመሣሪያው ማኑዋል ይውሰዱ። ድምሩ 16 ይሆናል፣ በሬዲዮ ሲናገሩ 18። በትንንሽ አውሮፕላኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ሮታክስ 912 ውስጡ ያለው ጄኔሬተር የሚያመነጨው ቢበዛ 250 ዋት፣ ማለትም 18 አምፔር ገደማ ነው፤ ያውም ሞተሩ በሙሉ ዙር ሲሄድ። በሬዲዮ ሲናገሩ ባትሪው የሚሞላበት ምንም አይተርፍም ማለት ነው። የድሮዎቹ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ቮልስዋገኖች ደግሞ ብዙዎቹ 6 ቮልት ነበሩ። ያን ዲናሞ እንዳለ ይዞ ዘመናዊ አቪዮኒክስ መግጠም አይሆንም፤ በ12 ቮልት አልተርኔተር ይቀየር። ድምሩ ከአልተርኔተሩ ዐቅም 80 በመቶ እንዲያልፍ አይፍቀዱ። ካለፈ ከዝርዝሩ አንዱ ይሰረዝ፣ ወይም ስክሪኑ በትንሽ ይተካ።

ሁለተኛው ሒሳብ አልተርኔተሩ ሲሞት ያለው ነው። ስክሪኑ፣ ሬዲዮውና ትራንስፖንደሩ ብቻ ቀርተው 5 አምፔር ቢስቡ፣ 12 አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ ምን ያህል ይቆያል? ዕድሜ የጠገበውን ባትሪ ከተጻፈበት 60 በመቶ ብለው ይቁጠሩት፤ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። ከግሸን አቅጣጫ ወደ ኮምቦልቻ ለመመለስ ይበቃል፤ የሚበቃው ግን አልተርኔተሩ መሞቱን ወዲያው ካወቁ ነው። ስለዚህ ቮልት ሲወርድ የሚበራ ቀይ መብራት ከዓይንዎ ፊት ይቀመጥ። የማያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆርጥ፣ አስፈላጊዎቹን ብቻ በሌላ መስመር ከባትሪ የሚመግብ አሠራር በሠሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ከመጀመሪያው በንድፉ ውስጥ ይግባ።

ስለ ሽቦ ዝርጋታ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ መሣሪያ በመጥፎ ሽቦ ሲባክን ይታያልና። መኪና ላይ የለመደ ባለሙያ ቦዲውን ማሳ አድርጎ ይሠራል። የእንጨትና የጨርቅ አውሮፕላን ግን ማሳ የሚሆን ቦዲ የለውም። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የመመለሻ ሽቦ ይሳባል፤ ሁሉም ደግሞ ባትሪው አጠገብ በአንድ የመዳብ ሳህን ላይ ይገናኛሉ። እዚህም እዚያም የተለያየ ማሳ ካለ ሬዲዮው ውስጥ የአልተርኔተር ፉጨት ይገባል፣ የሞተር መለኪያዎቹም ሬዲዮ በተናገሩ ቁጥር ይዘላሉ። ሽቦው ራሱ የአውሮፕላን ሽቦ ይሁን፤ የገበያው ተራ ፕላስቲክ ሽፋን ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ በጠባብ ክፍል ውስጥ መርዝ ነው። ጫፎቹ በትክክለኛው ፒንሳ ይጨመቁ፤ በሚንቀጠቀጥ ቦታ ላይ በስታኞ የተበየደ ሽቦ ብየዳው ባለቀበት ጠርዝ ላይ ይሰበራል። እያንዳንዱ መስመር በሽቦው ውፍረት ልክ የተመረጠ ፊውዝ ይኑረው። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን እንዳይቃጠል ነው፤ ስለዚህ ምንጩ አጠገብ ይቀመጥ።

የመኪና ኢግኒሽን ያለው ሞተር ሬዲዮን ይረብሻል። ሬዚስተር ያላቸው ካንዴላዎችና የተሸፈነ የካንዴላ ሽቦ ግማሹን ችግር ያስወግዳሉ። የሬዲዮው አንቴናም በእንጨት አውሮፕላን ላይ ብቻውን ቢተከል ደካማ ይሆናል። የአውሮፕላን ሬዲዮ ከ118 ሜጋኸርትዝ ጀምሮ እስከ 137 ድረስ ስለሚሠራ የሩብ ሞገዱ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንቴናው ሥር በየአቅጣጫው ያን ያህል የሚረዝሙ የመዳብ ፎይል ሰቆች ከቆዳው በታች ይለጠፉ። የአንቴናው ሥራ ጨርቁ ከመልበሱ በፊት እንዲያልቅ የምመክረው ለዚህ ነው።

ጥሩ አንቴና ቢኖርም ተራራ ሬዲዮን ይጋርዳል። ይህ ሬዲዮ በቀጥታ መስመር የሚጓዝ በመሆኑ ከአምባሰል ተራሮች ጀርባ ወደ ሸለቆው የወረደ አውሮፕላን የኮምቦልቻን ድምፅ ሊያጣ ይችላል። በዚያ ቦታ ቢወድቅ ማን ያውቃል? ለዚህ መልሱ ኢኤልቲ የሚባለው የአደጋ ጊዜ መልእክት ማስተላለፊያ ነው። ሲገዙ 406 ሜጋኸርትዝ የሆነውን፣ ከተቻለም ጂፒኤስ ያለበትን ይምረጡ። በ121.5 ብቻ የሚሠሩት አሮጌዎቹ በርካሽ ይገኛሉ፤ ሳተላይቶች ግን እነሱን ማዳመጥ ያቆሙት እ.ኤ.አ. የካቲት 1 ቀን 2009 ነው። ጂፒኤስ የሌለው 406 ፈላጊውን በጥቂት ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ያደርሰዋል፤ በአምባሰል ገደል ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሙሉ ቀን መንገድ ነው። ጂፒኤስ ያለው ግን በመቶ ሜትር ገደማ ያደርሳል። መሣሪያው ሳይመዘገብ ቢጮኽ ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ምዝገባው እንደ ግዢው ይቆጠር። ይህን ዕቃ የበጀት መቀነሻ የሚያደርግ ሠሪ ካለ፣ ስክሪኑን ሰርዞ ይህን ይግዛ እለዋለሁ።

ትራንስፖንደር ሲመርጡ ከፍታ የሚያስተላልፈውን፣ ሞድ ኤስ የሆነውን ይግዙ። የመንገደኞች አውሮፕላኖች ላይ ያለው የግጭት ማስጠንቀቂያ የሚያይዎት በእሱ ነው። ኮምቦልቻ የመንገደኛ በረራ የሚስተናገድበት ማረፊያ ነው፤ እርስዎ ባያዩዋቸው እንኳ እነሱ እንዲያዩዎት ያድርጉ።

አሁን ስክሪኑ ጋ ደረስን። በእጅ ለሚሠሩ አውሮፕላኖች ጋርሚን፣ ዳይኖንና የደቡብ አፍሪካው ኤምጂኤል የሚያቀርቧቸው ማሳያዎች ፍጥነትን፣ ከፍታን፣ የአውሮፕላኑን ማዘንበልና የሞተሩን መለኪያዎች በአንድ ላይ ያሳያሉ። ለየብቻ ከሚገጠሙ መለኪያዎች ድምር ይልቅ ክብደታቸውም ይቀንሳል። በቀንና በዓይን ብቻ ለሚበር ሰው ትንሹ በቂ ነው ባይ ነኝ። ሰው ሠራሽ አድማሱ ደመና ውስጥ ለመግባት ፈቃድ ሆኖ እንዳይወሰድ፤ በስሕተት ከገቡ ዞሮ ለመውጣት ብቻ ነው። ስክሪን ከመረጡ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ይኑረው፤ አጠገቡም መብራት የማይፈልጉ ሦስት መካኒካል ነገሮች ይቀመጡ፦ የአየር ፍጥነት መለኪያ፣ አልቲሜትርና ኮምፓስ። የስክሪኑ መግነጢስ አንባቢ ከብረትና ከወፍራም ሽቦ ርቆ ክንፍ ጫፍ አካባቢ ይገጠም፤ መብራቶቹን አንድ በአንድ እያበሩ አቅጣጫው መዝለል አለመዝለሉን ይፈትሹ። ከስክሪኑ ጀርባም የአየር ማለፊያ ይተው፤ በሳሳ አየር ኤሌክትሮኒክስም እንደ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም።

መሣሪያ አቅራቢው ማን እንደሆነ ሲያመዛዝኑ የጥገናውን መንገድ ይጠይቁ። የሚላከው ወደ ውጭ ነውና ሲመለስ ቀረጡና ማጓጓዣው ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቀድመው ይወቁ። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ንሯል። ስለዚህ በጀትዎን በዶላር ያስሉ፤ ስክሪኑንም በመጨረሻ ይግዙ። ቴክኖሎጂው በየዓመቱ ይለወጣል፤ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ደግሞ ዓመታት ይፈጅበታል። ዛሬ ተገዝቶ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ስክሪን ዋስትናው ሳይበር ያልቃል። ለእሱ ክፍት ቦታ፣ የሽቦ መተላለፊያና የተቆጠረ አምፔር ትተው ሌላውን ይቀጥሉ።

የኤሌክትሪክ ትምህርት ያላቸው በኮምቦልቻ ያሉ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎችና የፖሊ ቴክኒክ ሠልጣኞች የመብራት ሒሳቡንና የሽቦ ንድፉን ለመሥራት ብቃቱ አላቸው። አውሮፕላን ባይሠሩ እንኳ ይህን ወረቀት ከሚሠራ ሰው ጋር ተቀምጠው ቢያርሙለት ትልቅ ውለታ ነው። በአቪዮኒክስ የሠለጠነ የአየር መንገድ ቴክኒሺያን የሚያውቁ ደግሞ ፓነሉ ከመዘጋቱ በፊት ይጋብዙት፤ ፒቶና ስታቲኩ አየር እንዳያፈስ በመሣሪያ ይፈትንልዎታል።

አንድ ዶላር ከማውጣትዎ በፊት ግን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ቢሮ በአካል ይሂዱ። ምን እየሠሩ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደርና ኢኤልቲ ሊያስገቡ እንዳሰቡ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የሬዲዮ ዕቃ ለማስገባትም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ሳይዙ ዕቃ አይዘዙ፣ ሞተርም አስነሥተው ከመሬት አይነሡ።